ለታቦት የተሰጠው ወፍጮ

የካ አባዶ ውስጥ የወርቅዬን ወፍጮ ቤት ለሚጠይቅ ሰው የሕንፃ ቁጥር አይነገረውም። «ቆም በልና ስማ» ነው የሚባለው። ከመጨረሻው የኮንዶሚኒየም ሕንፃ ጀርባ ግድግዳውም ጣሪያውም በዱቄት ብናኝ የነጣ የቆርቆሮ ቤት አለ፤ ሞተሩ ሲያጓራ ከአስፋልቱ ማዶ ይሰማል። ያ መሬት ከተማው ሳይደርስበት የጤፍ ማሳ ነበር። ወርቅዬ አንዳንዴ ደጃፏ ላይ ቆማ ሕንፃዎቹን ሽቅብ እያየች፣ «ፊት እዚህ ይዘሩት ነበር፣ ዛሬ እኔ እፈጨዋለሁ። ጤፉስ አገሩን አልለቀቀም» ትላለች።

ሰው የሚለያት በቅንድቧ ነው። ፊቷን ታጥባ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እንኳ ቅንድቧ ላይ ትንሽ ዱቄት አይጠፋም። ባሏ በሕይወት ሳለ፣ «እኔ ያገባሁት ባለ ጥቁር ቅንድብ ነበር፤ ማን ለወጠብኝ?» እያለ ይቀልድባት ነበር።

ከመንዝ የመጣችው በልጅነቷ ነው። ሃያ ሁለት አካባቢ እመት ውባንቺ የሚባሉ ባልቴት ወፍጮ ቤት ነበራቸው፤ እሳቸው ዘንድ ጠራጊ ሆና ገባች። እመት ውባንቺ ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር ወፍጮውን የሚመሩት በጆሯቸው ነው። ሥራ ሲቀዘቅዝ አጠገባቸው ያስቀምጧትና፣ «ስሚ» ይሏታል፤ «ድንጋዩ ሲያዜም እህል አለው። ሲያለቅስ ባዶውን ነው የሚዞር። ባዶውን የሚዞር ድንጋይ ራሱን ይበላል፤ ቶሎ አጥፊው።» ወርቅዬ ይህን ምክር ለስንት ዓመት የወፍጮ ምክር ብቻ አድርጋ ይዛው ኖረች።

ኋላ የራሷን ወፍጮ ተከለች። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣላት ወፍጮዋን ነቅላ ወደ የካ አባዶ መጣች። ባሏ ሲሞት በዚያው ወፍጮ ልጇን ፀደንያን አሳደገች፣ አስተማረች፣ ዳረች። ግብሯን በየሐምሌው ትከፍላለች። ስትከፍል ታጉረመርማለች፤ ከፍላ ስትወጣ ግን ቀና ብላ ነው የምትሄደው። የንግድ ፈቃዷ በመስታወት ሆኖ ከሚዛኑ በላይ ተሰቅሏል፤ ዱቄት ሲሸፍነው በነጠላዋ ጫፍ ትወለውለዋለች።

እንግዲህ ነገሩ የተጀመረው በፀደንያ ምጥ ነው። ምጡ ጠና። ሐኪሞቹ ወጣ ገባ ይላሉ፣ ፊታቸው አይነበብም። ወርቅዬ ከሆስፒታሉ ኮሪደር ጥግ ቆማ፣ «ልጄን ከነነፍሷ ብታወጣልኝ፣ አሮጌውን ወፍጮዬን ከነሞተሩ ከነድንጋዩ ለደጅህ አስገባለሁ» ብላ ለሰፈሯ ታቦት ተሳለች። አዲስ ሞተር ገዝታ ስለነበር አሮጌው ጥግ ላይ ለክፉ ቀን ተቀምጧል፤ ግን አሁንም ደኅና ነው። ፀደንያ በሰላም ተገላገለች፤ ቀይ፣ ጯሂ ሴት ልጅ።

በንግሥ ቀን ስለት ሲገባ እንዲህ ነው የሚሆነው፤ ዣንጥላ የተሳለ ዣንጥላ፣ ምንጣፍ የተሳለ ምንጣፍ፣ በግ የተሳለ በጉን እየጎተተ ይመጣል። ዕቃው እዚያው ዐውደ ምሕረቱ ላይ ይጫረታል። ብዙ ጊዜም የተሳለው ሰው ራሱ ተጫርቶ ያመጣውን ይዞ ይመለሳል፤ ገንዘቡ ለደብሩ፣ በረከቱ ለቤቱ። ወርቅዬም የታኅሣሥ ንግሥ ሲደርስ ሞተሩንና ድንጋዩን በጋሪ አስጭና፣ መጫረቻ ገንዘቧን በመቀነቷ ቋጥራ ሄደች። አሮጌ ሞተር ከእሷ ሌላ ማን ይጫረታል? ስለቷን አግብታ፣ ሞተሯን በጋሪው መልሳ ልትመጣ ነበር።

ተራዋ ደርሶ ሞተሩ ከጋሪው ሲወርድ የደብሩ አስተዳዳሪ አባ ወልደጻድቅ ተነሡ። ደግ ሽማግሌ ናቸው፤ ደስ ሲላቸው ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል።

«ይሄስ አይጫረትም!» አሉ። «ሌላው ካለው ቀንሶ ሰጠ፤ ይህቺ እናት ግን እንጀራዋን ነው ያመጣችው። እዚሁ ደጃችን እንተክለዋለን፤ ለደብሩ ይሠራል!»

ዐውደ ምሕረቱ በእልልታ ተናወጠ። ከሁሉም አስረዝማ እልል ያለችው ወርቅዬ ነበረች። እልልታዋ ሳያልቅ ነው ነገሩ የገባት።

ወፍጮው በጥር ተተከለ። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በነፃ ያገለግሉበታል። ኪራይ የለበትም፤ ግብርም አልተጠየቀም። ስለዚህ ዋጋው ከወርቅዬ ዋጋ በእጅጉ ወረደ። የዐቢይ ጾም ሽሮ ሲደርስ ሰልፉ ከደብሩ በር ወጥቶ እስከ ታክሲ ተራው ተዘረጋ። የዱሮ ደንበኞቿ ማዳበሪያቸውን ተሸክመው በደጃፏ ሲያልፉ አቀርቅረው ነው።

«እትዬ ወርቅዬ፣ እንዳትቀየሚኝ» አለች አንዷ። «በረከት ፈልጌ ነው።»

«ምን አስቀየመኝ! ሂጂ፣ በረከቱን ያብዛልሽ» አለች ወርቅዬ። መለስ ብላ ሞተሯን አጠፋች። ድንጋዩ ባዶውን ሊዞር ነበር።

ሰኔ አልቆ ሐምሌ ሲገባ በየሳምንቱ የማይቀሩት ደንበኞች ጥቂት ነበሩ። ከእነሱ ፊተኛዋ ፈቲያ ናት። ፈቲያ እንጀራ ጋግራ ለሆቴሎች የምታስረክብ ጎረቤት ናት፤ ጤፏን ላምበረት መናኸሪያ ወርዳ ከዘመዶቿ ተቀብላ በሚኒባስ ታመጣለች። ባሏ ሀሩን መስጂዱ አጥር ላይ ካሉት ሱቆች አንዱን ተከራይቶ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣል።

«ስለትሽ ሠመረልሽ አይደል?» አለቻት ፈቲያ አንድ ቀን፣ ጤፏ ሲፈጭ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ።

«ሠመረልኝ፤ ተመስገን።»

«ከልክ በላይ ሠመረ በይ እንጂ!»

ወርቅዬ መሳቅ ባትፈልግም ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ ወረደ። «ሐምሌ ገባ» አለች። «ፈቃድ ላድስ ወይስ ልመልስ፣ ወሩ ሳያልቅ መቁረጥ አለብኝ። ብመልስ ሞተሩን እሸጣለሁ። ግን ኣባይን ምን ብዬ ላሰናብተው?»

ኣባይ በወፍጮው የሚፈጭላት ሠራተኛዋ ነው፤ ባለትዳር፣ የልጆች አባት፣ ከእሷ ጋር ዱቄት ሲቅም የኖረ። ድንጋይ መውቀር፣ ማለትም የዶለዶመውን የወፍጮ ድንጋይ በመዶሻ እየነቆሩ ማሳል፣ በሰፈሩ እንደ እሱ የሚያውቅበት የለም። ስሙ ሲነሳ ከሚዛኑ ጀርባ ብቅ አለ።

«እትዬ፣ እኔ ነግሬዎታለሁ። ወረዳ ሄደን እናመልክት። እነሱ የማይከፍሉትን እኛ ብቻ እየከፈልን በምን አቅማችን እንወዳደራለን?»

«በል ተው! እኔ ታቦት ልከስ?»

«ታቦቱን ማን ክሰሺ አለሽ?» አለች ፈቲያ። «ሞተሩን ነው እንጂ።»

«አንቺ ደግሞ! የእናንተ መስጂድስ ሱቁን ያከራይ የለም?»

«ያከራያል። ኪራዩ ለየቲም ነው፣ ለወላጅ አልባው፤ ይሁን። ሀሩን ግን የመስጂድ አጥር ተደግፌ ነው የምሸጠው ብሎ ግብር አይከፍልም? ይከፍላል! ሶላት ግብር የለበትም፣ ወርቅዬ። ሱቅ ሱቅ ነው።»

በዚያው ሳምንት ሌላ ወሬ መጣ። የደብሩ ልማት ኮሚቴ ሁለተኛ ሞተር ሊተክል ነው፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ምእመናን ተሰብስበው ይወስናሉ ተባለ። ወርቅዬ ሌሊቱን አልተኛችም ማለት አይቻልም፤ ተኝታለች፤ ግን በሕልሟ እመት ውባንቺ መጥተው «ስሚ» አሏት፤ የምትሰማው ድምፅ ግን አልነበረም።

እሑድ ዝናቡ ከማለዳ ጀምሮ አላባራም። የሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ቆርቆሮ ስለሆነ የሚናገር ሰው ይጮኻል። መድረኩን የያዙት የልማት ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ጉግሳ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ለደብሩ ከቤታቸው በላይ የሚደክሙ ሰው። ወፍጮው ምን እንደሠራ ተናገሩ። የአብነት ተማሪዎች የሚበሉት ከዚያ ነው። ዘመድ የሌለው ሰው ሲሞት መገነዣው ከዚያ ነው። የሕንፃው ምሰሶ የቆመው ከዚያ ነው። ሁለተኛ ሞተር ቢጨመር ደግሞ ጣሪያው ይደርሳል። ጭብጨባ ሆነ። ወርቅዬም አጨበጨበች፤ ያሉት ሁሉ እውነት ነበርና።

«ጥያቄ ያለው?» አሉ አቶ ጉግሳ።

ወርቅዬ ሳምንቱን ሙሉ ስለ ግብር የምትናገረውን ስትሰናዳ ነበር የከረመችው። ስትነሣ ግን የተሰናዳችው ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። የቀራት በዚያ ሰሞን አምጥታ ያስረከበችው የመገበሪያ ስንዴ ነው፤ ለቅዳሴ የሚሆነው፣ በየዓመቱ የማታስታጉለው።

«እኔ…» አለች፣ «ያመጣሁት መገበሪያ በሞተሬ ነው የተፈጨው?»

ከኋላ የተቀመጠው፣ የቅዳሴው ኅብስት የሚዘጋጅበት የቤተልሔም አገልጋይ ዲያቆን እንደ እሳት ተነሣ። «በስመ አብ! ምን ትላለች ይቺ ሴትዮ! መገበሪያ በሞተር? ሕዝቡ በርበሬውን ሲያስፈጭበት በሚውል ድንጋይ? ጾመን፣ ነጽተን፣ እዚያው ቤተልሔም በእጃችን ነው የምንፈጨው!»

አዳራሹ ሳቀ። ወርቅዬም አፍራ፣ «እንዲያ ከሆነ ደግ» ብላ ልትቀመጥ ጎንበስ አለች። ተመልሳ ቀና አለች።

«ታዲያ ሞተሩ ለታቦቱ ምን ይፈጫል?»

ሳቁ ቆመ።

«ገንዘብ ይፈጫላ!» አሉ አቶ ጉግሳ። ሰው እንደገና ሳቀ።

«እሱንማ የእኔም ይፈጭ ነበር» አለች ወርቅዬ። አሁን አፏ ተፈታ። «አቶ ጉግሳ፣ እኔ ደብሩ ግብር ይክፈል አላልኩም። ቅዳሴው፣ ማኅሌቱ፣ ለነዳያን የሚቆረሰው፣ የተማሪዎቹ ቁራሽ፣ ይሄ ምን ግብር አለበት? የሚጠይቅ ቢመጣ እኔ ነኝ ፊት የምቆመው። በኪሎ የሚፈጭ ግን ከእኔ ጋር ገበያ ወጥቷል። እኔ ከሌላ ወፍጮ ጋር ልወዳደር እችላለሁ፤ ስወዳደር ነው የኖርኩት። ከታቦት ጋር እንዴት ልወዳደር? ደንበኛዬን ልጥራ ብል ከበረከት ላይ መጥራት ሆነብኝ። ዝም ልበል ብል ድንጋዬ ራሱን ሊበላ ነው።»

አቶ ጉግሳ መነጽራቸውን አወለቁ። ሲመልሱ ድምፃቸው የተቆጣ ሳይሆን የተጎዳ ነበር። «ወይዘሮ ወርቅዬ፣ ከዚህ ላይ ሳንቲም የነካ ሰው አለ?»

«የለም። እርስዎን ማን ይጠረጥራል?»

«እንግዲያ ግብር ብንከፍለው የት ይሄዳል? እዚህ ሲቀር ድሃ አፍ ላይ ነው የሚገባው። አይተነዋል። እዚያ ሲገባ ግን ማን ያየዋል? ደግሞስ ከእግዜር ቤት ደረሰኝ ይጠየቃል?»

«ሁሉም ይመለሳል አልልም» አለች። «ግን የልጅ ልጄ የተከተበችው ጤና ጣቢያ ነው፤ ሳትከፍይ ሂጂ አሉን። እንግዲህ አንድ ሰው ከፍሎታል ማለት ነው። እኔ ከከፈልኩት ትንሽ እዚያ ገብቶ ይሆናል ብዬ ደስ አለኝ። እናንተም ሽሮ ፈጭታችሁ የምታልፉት በዚሁ መንገድ ነው።»

ይህን ብላ ተቀመጠች። አጠገቧ የተቀመጠች፣ «በረከት ፈልጌ ነው» ያለቻት ያቺው ሴት፣ ሳታያት እጇን ያዝ አደረገቻት።

አባ ወልደጻድቅ እስካሁን መቋሚያቸው ላይ አገጫቸውን አሳርፈው ሲሰሙ ነበር። ተነሡ።

«ወለተ ሚካኤል» አሏት በክርስትና ስሟ፤ «ያኔ ልትጫረቺው ነበር የመጣሽው አይደል?»

«አዎ፣ አባታችን።»

«እኔ በደስታ ቸኮልኩ። ልጠይቅሽ ይገባኝ ነበር።»

«ኧረ አልቆጨኝም፣ አባታችን።»

«ቆጭቶሻል።»

ወርቅዬ መሬት መሬት አየች። «ትንሽ» አለች።

አዳራሹ ሙሉ ሳቀ፤ አቶ ጉግሳም ሳይቀሩ። አባ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁ። «ስለት አይመለስም። ሞተሩ የታቦቱ ነው፤ ይቆያል። ነገር ግን ዲያቆናችን አሁን ምን አለ? መገበሪያችንን አናስነካውም አለ። እውነቱን ነው። ለመሠዊያው ንጹሕ አይደለም ያልነውን፣ ግብር ሲመጣ ቅዱስ ነው ብለን እንሸሽገው? የተቀደሰውን እንጠብቅ፤ የገበያውን እንደ ገበያ እንያዘው። ጉግሳ፣ ለመሆኑ ሄደን ጠይቀናል? ይህ ወፍጮ ግብር አለበት ወይስ የለበትም ብለን?»

«አልጠየቅንም፣ አባታችን። ማንም ስላልመጣ…»

«እስኪመጡ መጠበቅ የእኛ ሥራ አይደለም። ሄደህ ጠይቅ፤ አስመዝግብ። ሁለተኛው ሞተር ይቆየን። የድሃ እህል ግን እንደ ድሮው በነፃ ይፈጫል። ይህን የምትሉ እጃችሁን አውጡ።»

ሁሉም አላወጣም። ፊት ወንበር ላይ ካሉት እጃቸውን አጣጥፈው የቀሩ ነበሩ፤ አቶ ጉግሳም አላወጡም። ግን የወጣው እጅ በዛ።

ስትመለስ ፈቲያ በዚያ ዝናብ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ጣሪያ ሥር ማዳበሪያዋ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች።

«ተናገርሽ?»

«ተናገርኩ። በመጀመሪያ ግን ስለ መገበሪያ ጠየቅኩ።»

«ስለ ምን?»

«ተይው፣ ረጅም ነው።»

በማግሥቱ ወርቅዬ ፈቃዷን ልታድስ ሄደች። ያን ዕለት አንድም ደንበኛ አልተመለሰም ነበር፤ የደብሩ ወፍጮ ምን ይሁን ምን ገና አልታወቀም። ፀደንያ በስልክ፣ «እማዬ፣ ትንሽ ብትጠብቂ አይሻልም?» ብትላት፣ «ልጄ፣ እኔ ድንጋዩን ካጠፋሁ ማን መጥቶ ያበራልኛል?» አለቻት። ግብሯን ከፈለች፣ አጉረመረመች፣ ቀና ብላ ወጣች። ኣባይ የታደሰውን ፈቃድ መስታወቱ ውስጥ አስገባ፤ ያን ቀንም ሥራ ሳይኖር ድንጋዩን ሙሉ ቀን ሲወቅር ዋለ።

አቶ ጉግሳ በሐሳቡ ባይስማሙም ተልከው የሚቀሩ ሰው አይደሉም። ዣንጥላቸውን ይዘው ከቢሮ ቢሮ ተመላለሱ፣ ተሰለፉ፣ ነገ ተባሉ፣ ነገም ሄዱ። በነሐሴ መጀመሪያ የደብሩ ወፍጮ ተመዝግቦ፣ አጥሩ ወደ መንገድ ተከፍቶ በር ወጣለት። ዋጋውም ከፍ አለ። ከወርቅዬ ዋጋ ጋር አልተካከለም፤ የሚያገለግሉት በነፃ ናቸውና አሁንም ትንሽ ይቀንሳል። ግን ያ ትንሽ ዝናብ ለዝናብ የሚያስሮጥ አልነበረም። በቅርብ ያለው ወደ ደብሩ፣ በዚህ በኩል ያለው ወደ ወርቅዬ መሄድ ጀመረ። ሁሉም ደንበኛ አልተመለሰላትም። የተመለሰው ግን ድንጋዩ እህል እንዳያጣ በቃ።

ነሐሴ አጋማሽ፣ የፍልሰታ ጾም ሳይፈታ፣ ወርቅዬ ከቅዳሴ ስትወጣ አዲሱ በር ጋ ሁካታ ሰማች። አቶ ጉግሳ በተተኮሰው ሸሚዛቸው ላይ ዱቄት እንደተነሰነሰ፣ ማዳበሪያ የተሸከሙ ባልቴት ይከተላሉ።

«እናት! እናት! ደረሰኝዎን ረሱ!»

«ተወው ልጄ፣ ከእግዜር ቤት ደረሰኝ ምን ያደርግልኛል?»

«ይሄ ከእግዜር ቤት አይደለም፣ እናት። ከወፍጮ ቤት ነው! የእግዜር ቤት ያውልዎት፣ ወዲያ በዚያ በር!»

ዞር ሲሉ ወርቅዬን አዩ። ደረሰኙን እንደያዙ ቆሙ።

«ይሳቁ፣ ይሳቁ ወይዘሮ ወርቅዬ። ይገባዎታል።»

«እኔ? መቼ ሳቅኩ?» አለች፤ ነጠላዋን ግን አፏ ላይ አድርጋለች።

አቶ ጉግሳ ጠጋ አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሞተርዎ… ሞተራችን ማለቴ ነው፣ ከትናንት ጀምሮ ድምፁ ተለውጦብናል። እስቲ አንዴ ይስሙልን።»

ወርቅዬ በአዲሱ በር ገባች። የሰንበት ተማሪዎቹ ገለል አሉላት። እንደ እመት ውባንቺ ዓይኗን ጨፍና፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች። አሮጌ ሞተሯ ልክ እንደ ድሮው ያጓራል፤ ድንጋዩ ግን ያቃስታል።

«እህል አላነሰውም» አለች። «ድንጋዩ ዶልዱሟል፤ መወቀር አለበት። ኣባይን እልክልዎታለሁ።»

«እግዜር ይስጥልን!»

«ዋጋውን እሱ ይነግርዎታል። ደረሰኙንም ይቆርጥልዎታል» አለችና፣ ቅንድቧ ላይ አዲስ ያረፈባትን ዱቄት ሳትጠርግ ወደ ወፍጮዋ ሄደች። እዚያ ፈቲያ ጤፏን አስመዝና ትጠብቃለች።